አፎቱ ዋጃ፣ ጩቤው ቆቦ

ሰኞ

ዝም አልኩ። አፎቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ የተመታበትን ቁጥር እያየሁ፣ ዝም አልኩ። አሁን ቤቴ ገብቼ እጄን ሁለት ጊዜ ታጥቤም ዱቄቱ ከጥፍሬ ሥር አልወጣም።

ከጠዋቱ ልጀምር። ሥራዬ የመስኖ ፓምፕ መጠገን ነው፤ ለዚሁ ተመድቤ ቆቦ ከመጣሁ አሥራ ሁለት ዓመቴ። ዛሬ ግን ግማሽ ቀን አስፈቅጄ የአንዲት ሴት የወፍጮ ሞተር ለማየት ዋጃ ሄድኩ። መሪማ ትባላለች። ከዚህ በፊት አላውቃትም፤ ስልኬን ሰው ሰጥቷት ነው የደወለችው። አርባን ያለፈች፣ ቀጥ ያለች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ነች። ወፍጮውን ብቻዋን ነው የምታንቀሳቅሰው።

ኩሽኔታው ተበልቶ ነው ሞተሩ የሚጮኸው። ፈትቼ እስክቀይር ስምንት ሰዓት ሆነ። እዚያ ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር ነጭ ነው፤ ግድግዳው፣ ሚዛኑ፣ የመሪማ ቅንድብ። ሞተሩን ሳጠፋው ዱቄቱ በበሩ በሚገባው ብርሃን ውስጥ ቀስ ብሎ ይወርድ ጀመር። የት እንዳለሁ ለጥቂት ጊዜ ጠፋኝ። ቆሜ ሳይ መሪማ ጆንያ ልትሰፋ ትልቁን መርፌ ከአንድ ቀጭን የናስ ነገር ውስጥ መዘዘች። መጀመሪያ የቧንቧ ቁራጭ መሰለኝ።

«እስኪ ልየው?» አልኳት።

«የመርፌ ማኖሪያዬ ነው» ብላ ሰጠችኝ።

ዱቄቱን በአውራ ጣቴ ስጠርገው መልሕቅ ወጣ። ከመልሕቁ በላይ ዘውድ። አፉ አጠገብ ሦስት አሃዝ ያለው ቁጥር። ቁጥሩን አውቀዋለሁ። እኔ ቤት፣ ሳጥን ውስጥ፣ አፎት የሌለው የባህር ኃይል መኮንን ጩቤ አለ። ስለቱ ሥር ያው ቁጥር ተመትቶበታል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳገላብጠው ኖሬያለሁና አልስተውም።

«ከየት አገኘሽው?»

«የአባቴ ነው።»

«ትሸጭልኛለሽ?»

ሳቀች። «የሰው አባት ይሸጣል እንዴ?» አለችና ከእጄ ወስዳ መርፌውን መለሰችበት።

ጩቤው እኔ ጋ ነው ማለት ነበረብኝ። ቀላል ነገር ነበር። መሣሪያዬን ሰብስቤ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ማክሰኞ

ሥራ ከመግባቴ በፊት ሳጥኑን ከፈትኩ። ቁጥሩ ያው ነው። ስቼ ቢሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር ይሆን? አላውቅም።

አምስት ናቸው ያሉኝ።

የጣልያን መኮንን፣ እጀታው የንስር ራስ ያለው፤ ዞብል ሥር አንድ ገበሬ ሲያርስ ያገኘው። ዝገቱን አልነካሁበትም።

የአየር ኃይል፤ የአንደኛው ክንፍ ጫፍ ተሰብሯል።

የጦር አካዳሚ፣ ሁለት። አንዱን የሸጠልኝ ሰውዬ ደስ እንዲለኝ ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አብርቶታል። ጽሑፉ አብሮ ሄደ።

የባህር ኃይል። በእጀታውና በስለቱ መካከል ባለው ናስ ላይ ዘውድ ነበረ። ጃንሆይ ከወረዱ በኋላ ይሆናል፣ አንድ ሰው በሞረድ ፍቆታል። መልሕቁን ግን ትቶታል። የሞረዱን ጭረት በጣት መዳሰስ ይቻላል። ያ ሰው ሲፍቅ ምን እያሰበ ነበር እያልኩ ስንት ቀን ተቀምጫለሁ።

አንድ ጊዜ ጊሌ የሚባለውን ቆልማማ ጩቤ የታጠቀ የአፋር ነጋዴ ቤቴ መጥቶ እነዚህን አሳየሁት። ስለታቸውን ዳሰሰና «ምን ይቆርጣሉ?» አለኝ። ምንም አይቆርጡም አልኩት። ሲሠሩም አልተሳሉም። መኮንኖች በበዓል ቀን፣ በሠርግ፣ በምረቃ ላይ በግራ ጎናቸው የሚያንጠለጥሏቸው ናቸው። እሱ በጣም ገረመው። እኔ የምወዳቸው በዚሁ ነው። ሰው አንድ ቀን እንዲያምርበት ብቻ የተሠራ ጩቤ። ስይዛቸው ነጭ ጓንት፣ የተወለወለ ጫማ፣ ሰልፍ ሜዳ ላይ የሚውለበለብ ነገር ይታየኛል። እናቴ ትሙት፣ አንድ ቀን እንኳ ወታደር ለመሆን ተመኝቼ አላውቅም።

ማስታወሻ ደብተሬንም አወጣሁ። ስለ አምስተኛው የጻፍኩት ይኸው ነው፤ ርዝመት፣ ክብደት፣ የእጀታው ቁስ፣ የቁጥሩ ቦታ። «ጎብዬ፣ ከአያ ሙሄ፣ ልባሽ ልብስ ነጋዴ።» በቃ። ርዝመቱን እስከ ሚሊሜትር ጽፌያለሁ። ማን ታጥቆት እንደነበር አልጠየቅሁም። ደስታዬ እንዳይበላሽ ነው መሰለኝ።

ቀኑን ሙሉ ፓምፕ ጣቢያው ላይ ሆኜ አፎቱ በዓይኔ ላይ ነበር። ሁለቱ ሲገጥሙ «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ ሁሉ ሰምቼዋለሁ። በሐሳቤ።

ረቡዕ

የአያ ሙሄን ቃል መስማት አለብኝ ብዬ ነው ጎብዬ የወረድኩት። እውነቱን ልጻፍ፤ ጩቤው ከመሪማ አባት ጋር እንደማይገናኝ እንዲነግሩኝ ፈልጌ ነው። ተሰርቆ ነው፣ ተጥሎ ነው፣ አዲስ አበባ ተሽጦ ነው ቢሉኝ አፎቱን እንደገና ለመጠየቅ አፍ አገኛለሁ።

አያ ሙሄ ሰማንያ ይሆናቸዋል። ሱቃቸው መንገዱ ዳር ነው፤ ሸሚዝና ሽርጥ በገመድ ተሰቅሎ፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ሁሉም አንድ ላይ ይነሣና ይወርዳል። ሁልጊዜ ሻይ ሳያጠጡ አይለቁኝም። ዛሬ ደርሼ ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ «አያ ሙሄ፣ ያ የሸጡልኝ ጩቤ ከማን ነበር?» አልኳቸው።

ሸሚዝ እያጠፉ ነበር። እጃቸው ቆመ።

«ከወታደር።»

«የትኛው ወታደር?»

«ያን ጊዜ ወታደር አንድ ነበር እንዴ? አገሩ ሁሉ ወታደር ነበር።»

«ስሙን አያስታውሱም?»

«ረስቻለሁ። ስንት ዘመን አለፈ።»

ሸሚዙን ዘረጉት፣ አጠፉት፣ እንደገና ዘረጉት። ሻይ አላሉኝም። ስወጣ «እንዴት ዋላችሁ» የሚል ሌላ ገበያተኛ ገባ፤ ለእሱም አልመለሱለትም።

ስመለስ መንገዱ ሁሉ ማሽላ ነው። ራሱ ከብዶት ወደ አንድ ጎን አጋድሏል። የቀትሩ ሙቀት ከአስፋልቱ ላይ እየተነሣ ከሩቅ የሚመጣውን አውቶቡስ ያንሳፍፈዋል፤ አንዴ አለ፣ አንዴ የለም። ተኝቼ እንደነበር ያወቅሁት ሮቢት ስንደርስ ነው። በሕልሜ የሆነ ሰው ማሽላው መሐል እስከ ወገቡ ገብቶ ቀስ እያለ ይራመድ ነበር። ፊቱ አልታየኝም።

ሐሙስ

መሪማ ደወለች። የፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ፤ ወጥቼ አነሣሁት።

«ሞተሩ ድምፅ አጣ። እንዲህ ጸጥ ሲል ቆሟል ብዬ እየሮጥኩ አየዋለሁ» አለች። «አላህ ይስጥህ፣ ወንድሜ።» ከዚያ «ያን የመርፌ ማኖሪያ ለምን እንዲህ ወደድከው?» አለችኝ።

«የዱሮ ዕቃ እወዳለሁ» አልኳት። ይህም ውሸት አይደለም።

ሳልጠይቃት ነገረችኝ። አባቷ አሕመድ የባህር ኃይል መኮንን ነበር። አሰብ ነበር መጨረሻ የተመደበው። ሠራዊቱ ሲበተን የሰው ሁሉ አባት በእግሩም በመኪናም እየተንጠባጠበ ገባ። የእሷ አልመጣም። እናቷ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር እየወጣች ታይ ነበር። በኋላ አንድ አብሮት የነበረ ሰው «ባህር ላይ ነው የቀረው» አላቸው። እናቷ ያንን ሰምታ አላለቀሰችም፤ መቃብር የሌለው ሰው እንዴት ይለቀሳል አለች። ከስምንት ዓመት በኋላ ሞተች።

«እሷ ስትሞት አፎቱን ወረስኩ» አለችኝ መሪማ። «ባዶውን ከሚቀመጥ ብዬ መርፌ ከተትኩበት።»

ስልኩን ዘግቼ የጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥኩ። አብሮኝ የሚሠራው ሰው ከታች «ቺንጊያውን አቀብለኝ» እያለ ይጠራኛል።

ባህር ላይ የቀረ ሰው ጩቤው ጎብዬ አይገኝም። ጩቤ ብቻውን አሰብን ለቅቆ፣ ያን ሁሉ የአፋር በረሃ አቋርጦ፣ ልባሽ ልብስ ቤት አይገባም። ይዞት የመጣ ሰው አለ። ይህን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። አያ ሙሄም ያውቃሉ።

ነገ ዋጃ እሄዳለሁ። ጻፍኩት። አሁን መቅረት አይቻልም።

ዓርብ

ጩቤውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ መሣሪያ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከካቻቢቴና ከፒንሳ ጋር አስገባሁት። ኬላው ላይ ሁላችሁም ውረዱ ተባልን። ፈታሹ ጨርቁን ፈታ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጩቤ። የሰልፍ ጩቤ። አይቆርጥም።»

አውራ ጣቱን በስለቱ ላይ አሳለፈ። ለጓደኛውም አሳየው። «እውነትም አይቆርጥም» አለ፣ ቅር ያለው ይመስላል። «አባትህ መኮንን ነበሩ?»

«የኔ አይደሉም» አልኩት።

የማንስ ብሎ አልጠየቀኝም። ጠቅልሎ መለሰልኝ።

ዋጃ የጁምዓ ሶላት እስኪያልቅ ከወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። መሪማ መጥታ ከፈተች። «ሞተሩ ምን ሆነ?» አለች። ምንም አልሆነም ብዬ ጨርቁን ሚዛኑ ላይ ፈታሁት።

አልነካችውም። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቁጥሩን አየች። አፎቱን ከመደርደሪያው አውርዳ አጠገቡ አስቀመጠችው፤ በቀስታ፣ እንደሚያስተኙት ሕፃን።

«ከየት አገኘኸው?»

«ጎብዬ ገዛሁት። ከስድስት ዓመት በፊት።»

«ሰኞ ዕለት ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

ሌላ ነገር ልጨምር አፌን ስከፍት ሞተሩን አስነሳችው። የሚፈጭ እህል አልነበረም። ባዶውን ይሽከረከራል። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ ግድግዳው ላይ የነበረው ዱቄት በንዝረቱ እየረገፈ ይወርድ ነበር፣ እኔም ከጭንቅላቴ እስከ እግሬ ነጭ ሆንኩ። መሄድ ፈለግሁ። አልሄድኩም።

አጠፋችው። ፊቷን በሻሿ ጠርጋለች።

«ጩቤው ለኔ ምንም አይደለም» አለችኝ። «ከማን እጅ እንደገዛኸው ግን ታሳየኛለህ። ነገ።»

«ሰውዬው ረስቻለሁ ብለውኛል።»

«ለአንተ ነዋ ረስቻለሁ ያሉህ።»

ቅዳሜ

ሁሉንም ሳልረሳ ልጻፈው።

አሥር ሰዓት ላይ ጎብዬ ደረስን። አያ ሙሄ እኔን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። መሪማ ከኋላዬ ነበረች። «አሰላሙ ዓለይኩም፣ አባባ። የዋጃው የአሕመድ ልጅ ነኝ» አለች።

ሽማግሌው ለመነሣት ሞከሩ። መልሰው ተቀመጡ። እጃቸውን ዘርግተው ሱቁን እንድዘጋ አሳዩኝ። በሩን ዘጋሁ። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን በተሰቀሉት ልብሶች ላይ ነጠብጣብ ሠራ። ብዙ ሰው ቆሞ የሚያዳምጥ ይመስል ነበር።

«ይዘኸው መጥተሃል?» አሉኝ፤ ስለ ጩቤው ነው። ከቦርሳዬ አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ አኖርኩት።

ከዚያ ተናገሩ፤ እሷን ሳያዩ፣ ወደ ጩቤው እያዩ።

«ግንቦት ነበር። ሁለት ሆነው ነው የመጡት፣ ከአፋር በኩል፣ አንዱ አንዱን ደግፎ። እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለዋል። የተደገፈው አንድ ቃል ሳይናገር በዚያው ቀን ሞተ። አባትሽ ወባ ይዞት ነበር። የደንብ ልብሱን አውልቄ ሽርጥና ሸሚዝ ሰጠሁት። የምከፍልህ የለኝም፣ ይህን ያዝልኝ፣ ልጄ ስትመጣ ትሰጣታለህ አለኝ። አማና፣ አደራ ነው የሰጠኝ። አፎቱ የት አለ ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሳቀ። ልጄ ጋ ነው፣ እንዳልሄድ ብላ ደብቃብኛለች፣ ስገባ ትሰጠኛለች አለ። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ከቤቴ ነው የሞተው።»

መሪማ ሻሿን በፊቷ ላይ ሳበች። ከሥሩ ሆና ነው የተናገረችው። ሰባት ዓመቷ ነበር። ፈቃዱ አልቆ ሊሄድ ሲል አፎቱን ማሽላ ጎተራ ውስጥ ከተተችው። አባቷ ሲፈልግ፣ ሲፈልግ፣ አውቶቡሱ ጥሩንባ እየነፋ፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ ዝም ብላ ታየው ነበር። ባዶውን ጩቤ በፎጣ ጠቅልሎ ሄደ። «ተቆጥቶ የሄደ መስሎኝ ነበር» አለች። «እስከ ዛሬ።»

ውጭ መኪና አለፈ፤ ልብሶቹ ሁሉ ተነሥተው ወረዱ።

«ቤቱ ዋጃ መሆኑን ነግሯችሁ ነበር?» አለች በመጨረሻ።

አያ ሙሄ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ነግሮኛል። ዋጃ ሩቅ አይደለም። መንገዱ ሲከፈት እሄዳለሁ አልኩ። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ፣ እስካሁን የት ነበርክ ቢሉኝ ምን እላለሁ አልኩ። እንዲያ እያልኩ ይሄን ያህል ዘመን። ጩቤው ባየሁት ቁጥር የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። ለዚህ ልጅ የሸጥኩለት እንዳያየኝ ብዬ ነው። ወላሂ፣ ለገንዘቡ አይደለም።» ወደ እሷ ዞሩ። «አማና በልቻለሁ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

መጀመሪያ ጥያቄ ጠየቀች፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ።

«ውሃ አጠጥታችሁታል?»

«እስከ መጨረሻው።»

«ማን ገነዘው?»

«እኔው። በአዲስ አቡጀዲ። ልባሽ አላለበስኩትም።»

«ተሰግዶበታል?»

«አሥራ አንድ ሆነን ሰግደንበታል።»

ያኔ ነው እንባዋ የመጣው። «አውፍ ብያለሁ» አለች። ሁለት ጊዜ አለችው። ሽማግሌው ጩቤውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ሰጧት፣ እሷም በሁለት እጇ ተቀበለች። እኔ ከመሐል ወጣሁ። ስድስት ዓመት በእኔ እጅ የነበረው ነገር ከእሳቸው እጅ ወደ እሷ እጅ ሲሻገር አየሁ፤ የእኔ ሆኖ የሚያውቅ አልመሰለኝም።

አፎቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ሞከረችው። ግማሽ ድረስ ገባና ቆመ። ውስጡ ዱቄት ጠጥሮበታል። «ዘይት ቢገባበትና ቢውል ይለቃል» አልኳት፤ ይህን እንኳ ባልናገር ኖሮ። «ይቆይ» አለች።

ቀኑ መሽቶ ስለነበር መቃብሩን ነገ እናያለን ተባለ። የአያ ሙሄ ልጅ ለመሪማ ያነጠፈችላት ጓዳው ውስጥ ነው፤ አባቷ የሞተበት ጓዳ ውስጥ። እኔ የመጨረሻውን መኪና ይዤ ቆቦ ገባሁ።

እሑድ

ጠዋት ሳጥኑን ከፈትኩት። አምስተኛው የነበረበት ጨርቅ ላይ ቅርጹ ቀርቷል። አዝኛለሁ። አልዋሽም። ደብተሬን አወጣሁና በቀሩት በአራቱ ሥር የሸጡልኝን ሰዎች ስም፣ የሚያስታውሱትን ሁሉ ለመጠየቅ እንዳልረሳ ጻፍኩ። የዞብሉ ገበሬ አሁንም አለ። የአየር ኃይሉን የሸጠልኝ ሰው አድራሻው ጠፍቶብኛል።

ጎብዬ ተመልሼ፣ አራት ሰዓት ላይ አያ ሙሄን በባጃጅ አድርገን መቃብሩ ጋ ሄድን። ዙሪያው ቁልቋል ነው። ምሥራቁ ሁሉ ጭጋግ መሳይ አቧራ ለብሶ ተራሮቹ ተንሳፍፈዋል፤ ከታች መሬት ያላቸው አይመስሉም። መሪማ አጥሩ ጋ ቆመች፤ ሴት መቃብር ቦታ አትገባም ይባላል። ሽማግሌው «ግቢ፣ ልጄ። ዛሬ ማንም ምንም አይልሽም» አሏት። ገባች።

በምርኩዛቸው ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ከፍ ያሉ ቦታዎች አሳዩን። የራስጌ ድንጋዮቹ የሉም። ሣር በቅሎባቸዋል።

«የትኛው ነው?» አለች።

አያ ሙሄ ቆሙ። አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ዞሩ። «የመጀመሪያውን ቀድመን ቀበርን። አባትሽን ከጎኑ። ግን በየት በኩል… ዛፍ ነበረ እዚህ። ዛፉ ተቆርጧል።»

ይቆጡኛል ብለው እንደሚጠብቁ ሰው አንገታቸውን ደፉ። መሪማ አልተቆጣችም። በሁለቱ መሐል ተቀመጠች። አንዱን እጇን በቀኙ ላይ፣ አንዱን በግራው ላይ አኖረች። ዱዓ ስታደርግ ድምፅ አልነበራትም፤ ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። እኔ ራቅ ብዬ ቆቤን አውልቄ ቆምኩ። ንፋስ አልነበረም። ሰዓቱ የቆመ መሰለኝ፤ አንድ ግመል በአጥሩ ማዶ አልፎ ሲሄድ ነው የሚሄድ ነገር እንዳለ የገባኝ።

በመመለሻችን፣ ሚኒባሱ ውስጥ፣ ሮቢትን ካለፍን በኋላ እንዲህ አለችኝ፤ «ባህር አይቼ አላውቅም። ግን ስጠላው ነው የኖርኩት። በቴሌቪዥን ሲመጣ እንኳ አጠፋዋለሁ።» ትንሽ ቆይታ «ምንም አላደረገም ለካ» አለች።

ማክሰኞ

ትናንትና ዛሬ ዋጃ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ወፍጮ ቤቱ ተዘግቷል፤ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው ሞት ትናንት እንደሆነ ነው የተለቀሰው። መርዶ የተሰማ ቀን ነው የሚቆጠረው። እድሜያቸው የገፋ ሰዎች እየመጡ አሕመድን ያነሣሉ፤ ለፈቃድ ሲመጣ ነጭ ልብስ ለብሶ ከአውቶቡስ ሲወርድ መንደሩ ሁሉ ይወጣ እንደነበር፣ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው ሰዎች ድንጋይ ያነጥፉለት እንደነበር። አንዱ ጎልማሳ ጩቤው በጎኑ ላይ ሲያበራ ልጅ ሆኖ ማየቱን ነገረኝ። ሳይሰለቸኝ ሦስት ጊዜ አስደገምኩት።

አያ ሙሄም ዛሬ መጡ። በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው። መሪማ ተነሥታ ተቀበለቻቸውና ከዘመዶቹ መሐል አስቀመጠቻቸው። ማን እንደሆኑ ለሁሉም ተናገረች። «አባቴን የገነዙት ናቸው» አለች። ከዚያ ሌላ አልጨመረችም። አያ ሙሄ ቀና ብለው አላዩም፣ ግን የቀረበላቸውን በሉ።

ስለ ሁለቱ መቃብሮችም ተወራ። ድንጋዩ ለሁለቱም ይሁን አለች መሪማ፤ አንድ ዓይነት ድንጋይ፣ ያለ ስም። ሰዎቹ ተስማሙ።

ልሄድ ስነሣ አንዲት ሴት በሩ ላይ ያዙኝ። እትዬ ፋጡማ ይባላሉ፤ የመሪማ ጎረቤት ናቸው። ሁለቱን ቀን ጥግ ይዘው ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ፤ ለአሕመድ መስሎኝ ነበር። አሁን ዓይናቸው ደርቋል። ክንዴን አልለቀቁም።

«ያኛው» አሉኝ ቀስ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ «አብሮት የመጣው። ረጅም ነበር ወይ?»

አላውቅም አልኳቸው። አያ ሙሄን እንጠይቅ አልኩ። እሳቸው ግን አሁን አይደለም አሉ፤ ትንሽ ይቆይ፣ መጀመሪያ ልቀመጥ አሉ። በሩ አጠገብ ያለች በርጩማ አመጣሁላቸው። ተቀመጡ። እኔም ከጎናቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ የመጨረሻው መኪና ሲያልፍ ሰማሁት። ድንኳኑ ውስጥ አያ ሙሄ አሁንም አንገታቸውን ደፍተዋል። እትዬ ፋጡማ ከዚያው ሠራዊት ያልተመለሰ ወንድማቸው በጣም ረጅም እንደነበረ ነገሩኝ። በር ሲገባ ጎንበስ ይል ነበር።